ቀላል ሐሳብና የመሪኅ ኮከብ መንገድ

የፍጥረትን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከጥንት ዠምሮ አንድ ልማድ አላቸው፤ ይኸውም ስለ አንድ ነገር ሁለት ትርጓሜ በቀረበላቸው ጊዜ፥ በጥቂት ምክንያት ብዙ ነገር የሚያስረዳውን መምረጥ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው እንግሊዛዊ መነኵሴ ዊልያም ዘኦክሃም ይህን ደንብ አጥብቆ ስለ ተጠቀመበት፥ ትርፉን ሐሳብ እንደ ምላጭ ይቈርጣል ሲሉ የኦክሃም ምላጭ ብለውታል፤ ነገር ግን ደንቡ ከርሱ በፊት በአርስጣጣሊስ ዘንድም የታወቀ ነበረ። ታዲያ ቀላል የሆነ ሐሳብ ሁሉ እውነተኛ ነውን? ይህን ለመመርመር የመሪኅን ኮከብ ታሪክ መመልከት ይበቃል።

በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ፥ የሰማይ አካላት በፍጹም ክብ መንገድ ይዞራሉ የሚለውን የግሪኮች ትምህርት ተቀበለ። ይሁን እንጂ መሪኅ አንዳንድ ጊዜ ጉዞውን አቁሞ ወደ ኋላ ሲመለስ ይታያል። ስለዚህ በጥሊሞስ በትልቁ ክብ ላይ የሚዞር ሌላ ትንሽ ክብ ጨመረ፤ ምድርንም ከክቡ መካከል ጥቂት ፈቀቅ አደረጋት። ከ1300 ዓመት በላይ ሊቃውንት የተገለገሉበት ሥራ ነውና የሚናቅ አይደለም።

በፍራውንቡርግ ካቴድራል ባለ ማዕርግ የነበረው ኒቆላዎስ ኮፐርኒኩስ በ1543 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ፀሐይን ከመካከል አቆመ፤ ምድርም እንደ ሌሎቹ በዙሪያዋ እንድትዞር አደረገ። በፈጣን በቅሎ የተቀመጠ ሰው በዝግታ የሚሄደውን ባልንጀራውን ሲያልፈው፥ ያ ባልንጀራ ከሩቁ ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። መሪኅም ወደ ኋላ የሚመለስ መስሎ የሚታየን ምድር ቀድማው ስታልፍ ነው። ይህ በእውነት ያማረ ቅለት ነው። ነገር ግን ስለ ኮፐርኒኩስ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፤ እርሱም ክብን አልተወምና ትንንሾቹን ክቦች መልሶ ለማስገባት ተገደደ፤ ብዛታቸውም ከበጥሊሞስ እምብዛም አላነሰም። ስሌቱ ከቀድሞው ብዙ የሚሻል ስላልነበረ፥ በዚያ ዘመን ትምህርቱን ያልተቀበሉትን ሁሉ አላዋቂዎች ማለት አይገባም።

ዮሐንስ ኬፕለር በቱቢንገን ለስብከት አገልግሎት ሲማር ቆይቶ በ1594 ዓ.ም. በግራትስ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነ፤ በ1600 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖቱ ከዚያ ተሰዶ ፕራግ ገባ። በዚያም ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ፥ የሩቅ ማያ መነጽር ገና ሳይኖር፥ በዐይኑና በትልልቅ መለኪያዎች ለብዙ ዓመታት የመዘገበውን አገኘ። ኬፕለር የፈጣሪ ሥራ ሥርዐት ያለውና ቀላል ነው ብሎ ያምን ነበርና፥ የመሪኅን መንገድ በክብ ለማስረዳት እንደ ራሱ አባባል ቢያንስ 70 ጊዜ ደጋግሞ አሰላ። በመጨረሻ ስሌቱ ከቲኮ መዝገብ በ8 ደቂቃ ብቻ ተለየ። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ እንደሚከፈል፥ በክብ ልክም አንድ ዲግሪ በ60 ደቂቃ ይከፈላል፤ 8 ደቂቃ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የተመልካች ስሕተት ነው ብሎ ባለፈው ነበር። ኬፕለር ግን የቲኮን ትጋት ያውቅ ነበርና መዝገቡን አምኖ የብዙ ጊዜ ድካሙን ጣለው፤ ከሁሉ ጥንት ጀምሮ የተከበረውን ክብንም ጣለ።

ከብዙ መንገላታት በኋላ ያገኘው ሞላላ ነው። ጎጆ የሚሠራ ሰው አንድ ችካል ተክሎ በገመድ ዙሪያውን ቢያሠምር ክብ ያገኛል። ሁለት ችካል ተክሎ፥ የረገበ ገመድ ሁለቱን ጫፍ በየችካሉ አስሮ፥ ገመዱን በእንጨት ወጥሮ ቢያዞር ግን ሞላላ ያገኛል። ፀሐይ ከሁለቱ ችካሎች በአንዱ ስፍራ ናት፤ በሁለተኛው ምንም የለም። ይህ በ1609 ዓ.ም. በታተመ ጊዜ ትንንሾቹ ክቦች ሁሉ አስፈላጊነታቸው ቀረ። እንግዲህ አንድ ችካል ከሁለት ይቀላል ብሎ በክቡ የጸና ሰው፥ በሥዕሉ ቅለት ተማርኮ የሥራውን ቅለት አጥቷል። ጋሊሌዎን የሚያህል ሊቅ እንኳ በ1632 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ከክቡ አልተላቀቀም። ኒውተን በ1687 ዓ.ም. ሞላላው ከአንድ የስበት ሕግ የሚወጣ መሆኑን አሳየ።

ኬፕለር ይህን አላየም፤ በ1627 ዓ.ም. ያሳተመውን ሰንጠረዥ ታላቅ ፍሬም ቢሆን አላየም። ዐጣርድ የተባለው ኮከብ ኅዳር 7 ቀን 1631 ዓ.ም. በፀሐይ ፊት እንደሚያልፍ አስቀድሞ አስታውቆ፥ እርሱ ግን በ1630 ዓ.ም. ዐረፈ። በተባለው ቀን ቄስ ፒየር ጋሳንዲ በፓሪስ የፀሐይን ምስል በመነጽር አሳልፎ በነጭ ወረቀት ላይ ተቀበለ፤ ከጠበቀው እጅግ ያነሰች ጥቁር ነጥብም አየ። መጀመሪያ የፀሐይ እድፍ መስላው ነበር፤ ፈጥና ስትሄድ ባያት ጊዜ ግን ዐጣርድ መሆኑን ዐወቀ።