በክርክር ላይ ያለ ቤትና ቦታ ግዢ

በክርክር ላይ ያለ ቤትና ቦታ ግዢ ማለት ባለመብትነቱ ወይም ድርሻው በፍርድ ቤት እየተጠየቀ ያለን ይዞታ፣ መዝገቡ እልባት ሳያገኝ ከተከራካሪዎቹ ከአንዱ በውል መግዛት ነው። በኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለ ግዢ በራሱ ወንጀል አይደለም። ሆኖም ገዢው ከቤቱ ጋር የሻጩን ክርክርም አብሮ ይገዛል፤ ሻጩ በክርክሩ ቢሸነፍ ጉዳቱ ለገዢው ይተርፋል።

የሚሸጠው ምንድን ነው

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ይደነግጋል። የዚህ መነሻ በ1967 ዓ.ም. የወጡት የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ አዋጆች ናቸው። ስለዚህ በአነጋገር «ቦታ ገዛሁ» ቢባልም፣ በከተማ በሕግ የሚተላለፈው በቦታው ላይ የተሠራው ቤትና ከእሱ ጋር ያለው የይዞታ ወይም የሊዝ መብት ነው። የገጠር መሬት በውርስ፣ በስጦታና በኪራይ ይተላለፋል እንጂ አይሸጥም።

ይህ ልዩነት በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ብዙ መዘዝ አለው። ደሴ በጦሳ ተራራና በዙሪያዋ ባሉ ገደሎች ተጨናንቃ የተሠራች ከተማ ናት፤ ለግንባታ የሚሆን ለጥ ያለ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ኮምቦልቻ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና የባቡር መስመሩ ከመጡ ወዲህ ወደ እርሻው እየሰፋች ነው። እንዲህ ባለ ዳርቻ ላይ ገና ወደ ከተማ ክልል ያልገባ የገበሬ ማሳ «በስጦታ» ወይም «በረጅም ጊዜ ኪራይ» ስም በገንዘብ ይተላለፋል። ውሉ በእውነቱ ሽያጭ መሆኑ ከተረጋገጠ ዓላማው ሕገ ወጥ ስለሆነ ውሉ ፈራሽ ነው። ከተከራካሪዎቹ ማንም ቢያሸንፍ ገዢው መሬቱን አያገኝም።

ክርክሩ ገዢውን እንዴት ይነካዋል

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 የክርክሩ ንብረት እንዳይሸጥ ወይም እንዳይበላሽ ፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። እግዱ ለማዘጋጃ ቤቱ ከደረሰ የስመ ንብረት ዝውውር ይቆማል። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ «እግድ የለበትም» ሲላቸው «ክርክር የለበትም» ያለ ይመስላቸዋል። እግድ የሚሰጠው ተከራካሪው ሲጠይቅና ችሎቱ ሲያምንበት ነው። እግድ ያልተጠየቀበት መዝገብ ለዓመታት ሲንከባለል ካርታው ንጹሕ መስሎ ሊቆይ ይችላል።

በዚሁ ሕግ አንቀጽ 5 መሠረት የመጨረሻ ፍርድ የሚያስረው ተከራካሪዎቹን ብቻ አይደለም፤ መብታቸውን ከእነሱ ያገኙትንም ያስራል። መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ የገዛ ሰው የሻጩን ክርክር እንደ አዲስ ሊጀምር የማይችለው ለዚህ ነው። ጉዳዩ ገና እየታየ ከሆነ በአንቀጽ 41 ጣልቃ ገብቶ መከራከር ይችላል። ፍርድ ከተሰጠ በኋላም አንቀጽ 358 መብቱ ለተነካና በክርክሩ ላልተካፈለ ሰው የመቃወሚያ በር ይከፍታል፤ መቃወሚያው መቅረብ ያለበት ግን ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። የአፈጻጸም ትእዛዝ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ ሲቆም ጊዜው በጣም አጥሯል።

«በቅን ልቦና ነው የገዛሁት» የሚለው መከራከሪያም ቤት ላይ እምብዛም አይጠቅምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1161 ቅን ገዢን የሚጠብቀው ለሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች ነው። ለማይንቀሳቀስ ንብረት ካርታ የባለቤትነት ግምት ቢሰጥም፣ ካርታው ያላግባብ የተሰጠ መሆኑን በማስረዳት ግምቱን ማፍረስ ይቻላል (አንቀጽ 1195 እና 1196)።

የውሉ አጻጻፍም ራሱን የቻለ ችግር ነው። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንኑ አጽንቷል። ሰፈር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ሻጩ ከካደው ቀብዱን ለማስመለስ ካልሆነ በቀር አቅም የለውም።

ገንዘቡ

ውል ሲፈርስ መርሁ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ነው (አንቀጽ 1815)፤ ሻጩ ዋጋውን ይመልሳል። ሆኖም ውሉ የተጻፈው ግብር ለመቀነስ በዝቅተኛ ዋጋ ከሆነ ገዢው የሚያስረዳው የተጻፈውን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በጽሑፍ የሰፈረውን ቃል በሰው ምስክር ማስተባበል በተዋዋዮች መካከል አይፈቀድምና። ሻጩ ገዢው ከንብረቱ እንዳይነቀል ዋስ የመሆን ግዴታም አለበት (አንቀጽ 2281)፤ ገዢው ክርክሩን እያወቀ ከገዛ ግን፣ በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ይህ ዋስትና ይቀርበታል። ባለመብቱ በግልጽ እየተቃወመው ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ያለ ካሳ እንዲለቅ ወይም እንዲያፈርስ ሊጠየቅ ይችላል (አንቀጽ 1178)። ሻጩ ክርክሩን ደብቆ ከሸጠ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 በአታላይነት ሊከሰስ ይችላል። ክሱ ሻጩን ያስቀጣ ይሆናል፣ የጠፋ ገንዘብ ግን በራሱ አያመጣም።

ማጣራት በደሴ

በደሴ የቤት ክርክር በአብዛኛው የሚነሣው ከውርስና ከባልና ሚስት የጋራ ንብረት ነው። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት ከተሸጠ፣ ያልፈረመው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ላይ ስማቸው ያልሰፈረ ልጆች መኖራቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ በዓረብ አገር ያሉትን። በውክልና ለሚሸጥም ቢሆን ለመሸጥ የሚያስችል ልዩ ውክልና መኖሩና ወካዩ በሕይወት መኖሩ መታየት አለበት፤ በመርሁ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል።

መዝገብ ሲጠየቅ የከተማውን ወረዳ ፍርድ ቤት ብቻ ማየት አይበቃም። ይግባኙ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና በሰበር ሊሆን ይችላል። በወሎ ደግሞ አንድ ተጨማሪ በር አለ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ስለሚፈቅድ፣ የሙስሊም ቤተሰብ ውርስ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እየታየ ሊሆን ይችላል።