ዳዊት መድገም ላልቻሉ

በእሁድ ስብሰባችን የሴቶቹን እጅ ብታዩ መቁጠሪያ በየዓይነቱ አለ። ኦርቶዶክሷ እህታችን 41 ወይም 64 ፍሬ ያለውን ትይዛለች። ሙስሊሟ 33 ወይም 99 ፍሬ ያለው ሙስበሃ አላት። እኛ ካቶሊኮችና የፊሊፒንስ ጓደኞቻችን ደግሞ መስቀል የተንጠለጠለበት፣ 59 ፍሬ ያለው ነው የምንይዘው። «ይሄ የናንተው ከየት መጣ? ማን ፈጠረው?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አጸላለዩን ባጭሩ። በ53ቱ ፍሬዎች ላይ መልአኩ ገብርኤል ለእመቤታችን ያቀረበውን ሰላምታ እንጸልያለን። ለብቻቸው በተቀመጡት 6 ፍሬዎች ላይ «አባታችን ሆይ» እንላለን። አሥር አሥሩን ሰላምታ ስንል አንድ ምሥጢር እናስባለን። ምሥጢር የምንለው ከጌታና ከእናቱ ሕይወት የተወሰደ አንድ ነገር ነው፤ ብሥራቱ፣ ልደቱ፣ ግርፋቱ፣ ትንሣኤው እያለ ይሄዳል። አፍ ሰላምታውን ይላል፣ ጣት ይቆጥራል፣ ሐሳብ ምሥጢሩ ላይ ይቆያል። አንዱን ዙር ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይበቃል።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከዶቃ አይደለም፣ ከዳዊት ነው። መዝሙረ ዳዊት 150 ነው። አገራችን ዳዊት መድገም ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በአውሮፓ ገዳማትም መነኮሳቱ 150ውን መዝሙር በላቲን ያደርሱ ነበር። በዚያው ገዳም ውስጥ ግን የሚያርሱ፣ ከብት የሚጠብቁ፣ ወጥ የሚሠሩ ወንድሞች ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፣ መጽሐፉም በእጅ የሚጻፍ ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በመዝሙሩ ፈንታ የሚያውቁትን «አባታችን ሆይ» 150 ጊዜ፣ ወይም ሲሶውን 50 ጊዜ እንዲሉ ተደረገ። ይሄን ያህል መቁጠር ደግሞ ያሳስታል። ስለዚህ ክር ላይ ቋጠሮ ወይም ፍሬ ተደረገ።

ጸሎትን በዕቃ መቁጠር ራሱ ከዚያም የቆየ ነው። ከ1600 ዓመት በፊት ገደማ በግብፅ በረሃ ጳውሎስ የሚባል መናኝ በቀን 300 ጸሎት ያደርስ ነበር ይባላል። እንዳይሳሳት 300 ጠጠር ይሰበስብና አንድ ጸሎት ባለ ቁጥር አንዷን ይጥላል። ክርና ቀዳዳ መጨመር ብቻ ነው የቀረው ማለት ነው! በ13ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ከተማ ውስጥ መቁጠሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች የየራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ከአጥንትና ከቀንድ የሚሠሩት ለብቻ፣ ከዛጎል የሚሠሩት ለብቻ። እንግሊዞች ዛሬ ዶቃን የሚጠሩበት ቃልም በጥንት ቋንቋቸው ትርጉሙ ጸሎት ነበር። የጸሎቱ ስም ቀስ እያለ ወደ ዕቃው ተላለፈ።

በ«አባታችን ሆይ» ላይ የማርያም ሰላምታ የተጨመረው ቀስ በቀስ ነው። ቃሉ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የመጣ ነው፤ ግማሹ የገብርኤል፣ ግማሹ የኤልሳቤጥ። «ለምኝልን» የሚለው መጨረሻው ዛሬ በምንለው መልክ የጸናው ገና በ1568 በሮም የጸሎት መጽሐፍ ነው። ሕዝቡም 150 ሰላምታ ሲል «የማርያም መዝሙር» ብሎ ጠራው። ሮዛሪ የሚለው ስም ግን ከጽጌረዳ ነው የመጣው። በዚያ ዘመን የሚወራ አንድ ተረት አለ። አንድ ወጣት በየቀኑ የአበባ ጉንጉን ሠርቶ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ያደርግ ነበር። ገዳም ሲገባ አበባ የሚለቅምበት ጊዜ አጣ። አዘነ። ከዚያ አንድ አረጋዊ መነኩሴ «50 ሰላምታ ብትል ለእሷ ከአበባ ይበልጣል» አለው ይባላል። ዐረቦቹም ይሄን ጸሎት «ወርዲየ» ይሉታል፤ ወርዳ ጽጌረዳ መሆኗን እዚህ የሠራች ሁሉ ታውቃለች። የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ወር ኦክቶበር ነው፤ አገራችን ኦርቶዶክሶች በጽጌ ወር ለእመቤታችን በአበባ እየመሰሉ በሚቆሙበት ሰሞን። አንዱ ከአንዱ ተቀዳ አልልም፤ ግን ደስ ይለኛል።

አሁን «ማን ፈጠረው» ወደሚለው ልምጣ። ከልጅነታችን የተማርነው እመቤታችን በ1214 ለቅዱስ ዶሚኒክ ተገልጣ መቁጠሪያውን እንደ ሰጠችው ነው። ሥዕሉም በብዙ ቤተ ክርስቲያን አለ። ነገር ግን በቅዱሱ ዘመን የተጻፉት መጻሕፍት ይሄን አያነሱም። ታሪኩን በሰፊው ያስፋፋው ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ አላን የሚባል የዶሚኒካን መነኩሴ ነው፤ በ1475 ሞተ። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ትሪየር በምትባል የጀርመን ከተማ ሌላ ዶሚኒክ ነበር፤ የፕሩሲያው ዶሚኒክ ይሉታል። በየሰላምታው መጨረሻ ከኢየሱስ ሕይወት አንድ አንድ ሐረግ ጨምሮ 50 ሐረግ ጻፈ። ዛሬ ምሥጢር ለምንለው መንገድ ከጠረጉት አንዱ እሱ ነው። ስሙን ግን ማን ያውቃል?

አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ ይከፋዋል፤ ጸሎታችንን የቀነሱብን ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አልተሰማኝም። ባንድ ሌሊት ለአንድ ቅዱስ ከሚሰጥ ይልቅ ገበሬው፣ ወጥ ሠሪው፣ መናኙ፣ ዶቃ ቀጣዩ እየተቀባበሉ የሠሩት መሆኑ ለእኛ ለመሰሉት የበለጠ ይቀርባል።

በ1475 ኮሎኝ ከተማ የመቁጠሪያ ማኅበር ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ማኅበር ብዙ ነበር፤ ግን እንደ እድራችን መግቢያና መዋጮ ይጠይቃል፣ ድሃ አይገባበትም። ይሄኛው ገንዘብ አልጠየቀም። ወንድ ሆነ ሴት፣ ጌታ ሆነ አገልጋይ፣ ስሙን ያስመዘግባል፣ በሳምንት ውስጥ መቁጠሪያውን ያደርሳል፣ በቃ። ያንዱ ጸሎት ለሁሉም ነው። የሞተ ዘመድንም ማስመዝገብ ይቻል ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ገባ። ያቋቋመው ያዕቆብ ሽፕሬንገር ይባላል። የሚያሳዝነው ስሙ ሴቶችን በጥንቆላ የሚወነጅል አንድ ክፉ መጽሐፍ ላይም ተጽፏል፤ እውነት እሱ ጽፎታል ወይ በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ1569 ጳጳሱ ፒዮስ 5ኛ አጸላለዩን አጸደቁ። በ1571 ከቱርኮች ጋር ሌፓንቶ ላይ የተደረገውን የባሕር ውጊያ በመቁጠሪያ ጸሎት አሸነፍን ተብሎ ኦክቶበር 7 በዓል ሆነ። ብዙ መጽሐፍ ስለዚህ ድል ነው የሚያወራው። ከሙስሊም እህቶቼ ጋር አንድ ክፍል የምተኛ ሴት ስለሆንኩ ብዙ አያስደስተኝም።

እኔን የሚያስገርመኝ የጃፓኑ ነው። እዚያ ክርስትና በ1614 በመላ አገሪቱ ተከለከለ። ካህናቱ ተባረሩ፣ ተገደሉ። ሕዝቡ ተደብቆ ቀረ። ካህን የለም፣ ቁርባን የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም። ጸሎቱን ከወላጅ ወደ ልጅ በቃል አስተላለፉ፤ የላቲኑ ቃል በአፋቸው እስኪለዋወጥ ድረስ። መቁጠሪያ ያለው ይደብቃል። በማርች 1865 ናጋሳኪ ውስጥ አዲስ በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ገበሬዎች መጡና፣ አንዲት ሴት ለፈረንሳዊው ቄስ ልባቸው እንደ እሱ ልብ መሆኑን በሹክሹክታ ነገረችው። ከዚያ የጠየቀችው የማርያም ምስል የት እንዳለ ነው። 250 ዓመት ያህል ቆይተው ማለት ነው! እኔም አንድ የሠራሁበት ቤት መስቀል ያለበት ነገር እንዳይታይ ተብዬ ስለነበር ዕቃ እያጠብኩ በጣቴ ነበር የምቆጥረው። አሥር ጣት ለአንድ ምሥጢር ልክ ይመጣል።

«ጊዜ የለኝም» ለምትሉ ደግሞ ፖሊን ዣሪኮን ላስተዋውቃችሁ። በ1799 ሊዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቧ የሐር ነጋዴ ነው፤ እሷ ግን ልቧ ከሐር ፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ጋር ነበር። መጀመሪያ ለወንጌል ሥራ በሳምንት አንድ ሱ፣ ማለት አንድ ሳንቲም፣ እንዲያዋጡ አደረገች። አንዷ አሥር ሰው ትፈልጋለች፣ ከአሥሩ እያንዳንዷ ሌላ አሥር ትፈልጋለች። ዕቁብ ሰብሳቢ የሆነች ሁሉ ይሄ ይገባታል። በ1822 ይሄ አሠራር ትልቅ ማኅበር ሆነ።

በ1826 ይህንኑ ብልሃት ለመቁጠሪያው አደረገችው። ያኔ ምሥጢሩ 15 ነበር፤ ሁሉንም በየቀኑ ማድረስ ከፋብሪካ ደክማ ለምትመለስ ሴት አይቻልም። ፖሊን 15 ሰው ሰብስባ ለእያንዳንዱ አንድ ምሥጢር ብቻ ሰጠች። አንድ አባታችን ሆይ፣ አሥር ሰላምታ፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም። አሥራ አምስቱ ባይተያዩም በቀን ሙሉው መቁጠሪያ ይደርሳል። «ሕያው መቁጠሪያ» ተባለ። ከ2002 ጀምሮ ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አምስት የብርሃን ምሥጢራት ስለጨመሩ ዛሬ 20 ሰው ያስፈልጋል። እኛም ከፊሊፒንሶቹ ጋር በስልክ ቡድን ተከፋፍለን እናደርሳለን፤ ከቤት የማትወጣዋም፣ ሕፃን የምትጠብቀዋም ድርሻዋን ታውቃለች።

ፖሊን መጨረሻዋ አላማረም። ለሠራተኞች የሚሆን ፋብሪካ ልታቋቁም ስትነሣ ያመነቻቸው ሰዎች አጭበረበሯት። ዕዳ ውስጥ ገባች፣ በ1862 በድህነት ሞተች። ቤተ ክርስቲያን ብፅዕት ያለቻት በ2022 ነው፤ 160 ዓመት ቆይቶ።

አንዷን ደግሞ ከዚሁ ከምንኖርበት አካባቢ ላምጣ። ከመካከላችሁ «ወርዲየ» የሚባል ትምህርት ቤት ልጅ ስታደርስ የነበረች፣ ወይም ቤይሩት ጀማይዜ ባለው የወርዲየ ሆስፒታል በር ያለፈች አለች። የእነዚህ መነኮሳት መሥራች ማሪ አልፎንሲን ዳኒል ጋጣስ ትባላለች፤ በ1843 ኢየሩሳሌም የተወለደች ፍልስጤማዊት ናት። በፈረንሳዮች ማኅበር ውስጥ መነኩሲት ሳለች እመቤታችን ተገልጣ በመቁጠሪያ ስም የአገሩ ሴቶች የራሳቸው ማኅበር እንዲኖራቸው እንደ ጠየቀቻት ጻፈች። በ1880 ማኅበሩ በአንድ ቄስ ረዳትነት ተጀመረ፣ እሷም በኋላ ገባችበት። የገባችው ግን እንደ ማንኛዋም እህት ነው። ከመንደር መንደር እየተላከች ስታስተምር ኖረች። ያየችውን በደብተር ጽፋ ደብቃ አስቀመጠች፣ አብረዋት የሚኖሩት ምንጩ እሷ መሆኗን አያውቁም። በማርች 25 ቀን 1927 ዐይን ካሬም ሞተች፤ ቀኑ በእነሱ አቆጣጠር የገብርኤል ብሥራት በዓል ነበር። ደብተሮቹ የተገለጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 ሮም ላይ ቅድስት ተባለች።