የክፉ ቀን ያልተቆጠሩ ሟቾች

ወዳጆቼ፣ ስለ ክፉ ቀን ያልሰማ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ክፍል ውስጥም ደጋግመን አንስተነዋል፤ የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ አለቀ፣ በሬ ጠፍቶ እርሻው ጦም አደረ፣ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ከከብቱ ከመቶ ዘጠናው፣ ከሕዝቡ ደግሞ ሲሶው እንዳለቀ ይገመታል። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁትም በዚሁ መካከል ነው። ምኒልክ "በሬ የለኝም" ብሎ ለተቀመጠው ገበሬ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል።

ይህን ሁሉ እናውቃለን። ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግኩት በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም ያልቆጠራቸውን ሟቾች ነው፤ የዱር እንስሳቱን። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በሽታውን አገራችን "ደስታ" ብሎ ይጠራዋል። ክፉን ነገር በክፉ ስሙ ላለመጥራት የወጣለት ስም ይመስለኛል። በ1880 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር መጣ የሚለው ነው በሰፊው የሚታመነው። የያዘው ከብት ያተኩሰዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ከዚያ ተቅማጡ አጣድፎት በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ግን ቫይረሱ በሬን ከጎሽ አይለይም። ሰኮናው ስንጥቅ ከሆነ ይበቃዋል። ጎሹም፣ አጋዘኑም፣ ቀጭኔውም፣ ከርከሮውም የዚህ በሽታ ሲሳይ ነበሩ። የሜዳ አህያ፣ ዝሆንና አውራሪስ ግን አልነካቸውም። ከእኛ አገር ተነሥቶ ወደ ደቡብ የወረደው ይህ መቅሠፍት ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1889 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ደረሰ። በመንገዱም የአርብቶ አደሩን ከብትና የሜዳውን ጎሽ አብሮ ጠረገ።

የኛ የቃል ታሪክ ስለ ሰውና ስለ በሬ ብዙ ይነግረናል። ስለ ጎሹ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ሰው ጫካ ገብቶ የሞተ አጋዘን እንዲቆጥር አይጠበቅበትም። ነገር ግን ያ አለመቆጠር በኋላ ዘመን ዋጋ አስከፍሏል። "በሽታውን ደብቆ የሚያቆየው አውሬው ነው፤ ከብታችንን የሚጨርስብን እሱ ነው" የሚል እምነት በአፍሪካ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ተከሳሹ አውሬው ሆነ።

ክሱን ያፈረሰው የሴሬንጌቲ ታሪክ ነው። በታንዛኒያ ሜዳ ላይ ዊልድቢስት የሚባለው እንስሳ ጥጃው በየዓመቱ በዚህ በሽታ ያልቅ ነበር። በ1950ዎቹ በአካባቢው ያሉ ከብቶች በሰፊው ተከተቡ። ልብ በሉ፣ የተከተበው ከብቱ ብቻ ነው፤ ዊልድቢስቱን የወጋው የለም። በሽታው ግን ከዱርም ጠፋ። በ1953 ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው መንጋ በ1969 ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ለካስ በሽታውን ያኖረው የኛው ከብት ነበር! አውሬው በሽታ ተቀባይ እንጂ ምንጭ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሊያኮራን የሚገባ ታሪክ ነው። የመጨረሻው ትግል ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ነበር። ሙቀት የሚቋቋም፣ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተሠራ። ሐኪም የማይደርስበት በረሃ ላይ ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ክትባቱን ይዘው ከመንጋው ጋር እየተጓዙ ከተቡ። በኢትዮጵያ የደስታ በሽታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱን አወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛ በሽታ ነው። ሌላ እስካሁን የለም።

እዚህ ላይ "እንግዲህ ታሪኩ አለቀ" ሊባል ይችላል። አላለቀም። የደስታ ቫይረስ ዘመዶች አሉት። አንዱ የሕፃናቱ ኩፍኝ ነው። አንዱ የበግና የፍየሉ "ደስታ መሰል" ነው፤ ዋልያ የፍየል ዘመድ መሆኑን ላስታውሳችሁ። ሌላው ደግሞ ውሻን የሚይዘው ዲስቴምፐር ነው። ይሄኛው ዛሬ ባሌ ተራራ ላይ አለ።

ቀይ ቀበሮን ታውቁታላችሁ። ኦሮሞዎች "ጀዳላ ፈርዳ"፣ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ አገር የለውም። ለአካለ መጠን የደረሱት ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ቀን ቀን እያንዳንዱ ለብቻው ፍልፈልና አይጥ ያድናል። ጠዋትና ማታ ግን ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ አፍ ላፍ ገጥመው፣ ተላልሰው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ ከዚያ አብረው ድንበራቸውን ይዞራሉ። ይህ ፍቅራቸው ነው የሚገድላቸው። አንዱ በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዘ ቤተሰቡ ሁሉ ይያዛል።

በ1984 ዓ.ም. ይኸው በሽታ ባሌ ገባ። በ1996 ተመለሰና በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በ2001 እና በ2006ም መጣ። በመካከሉ ደግሞ በ1998፣ በ2002 እና በ2007 ዲስቴምፐር ተከተለ። ምንጩ ማን ነው? እረኛው ከብቱን ከጅብ እንዲጠብቅለት ይዞት የሚወጣው ውሻ ነው። ቀበሮው ዛሬም እንደ ያኔው ጎሽ ተቀባይ ነው።

ሥራ እየተሠራ አይደለም ማለቴ አይደለም። በ1996ቱ ወረርሽኝ ቀበሮዎቹን እየያዙ በመክተብ፣ በተለይም ሸለቆን ከሸለቆ የሚያገናኙትን መተላለፊያዎች በመዝጋት፣ በሽታው እንዳይዛመት ማድረግ ተችሏል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ፣ የሚዋጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሌሊት ይበተንላቸዋል። በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ የመንደር ውሾችም ይከተባሉ። ግን የተከተበው ውሻ ይሞታል፣ አዲስ ቡችላ ይወለዳል፣ ሌላ ሰው ሌላ ውሻ ይዞ ወደ ደጋው ይወጣል። አንድ ዓመት ቸል ከተባለ የተለፋበት ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል።

"ሰው ተቸግሮ ሳለ ስለ ቀበሮ ታወራለህ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ግን ከታሪኩ ውስጥ ነው ያለው። ሴሬንጌቲን ያዳነው ለአውሬ ተብሎ የተሰጠ ክትባት አልነበረም፤ ለአርብቶ አደሩ ላም የተሰጠ ነው። ባሌ ላይ የሚከተብ ውሻም መጀመሪያ የሚያድነው የጌታውን ልጅ ነው። ውሻ ነክሶት ፓስተር የሮጠ፣ ወይም ልጁን ይዞ የሮጠ ሰው ይህን አያጣውም። ከገጠር ወደ ከተማ ለመሮጥ አቅም ያጣው ምን እንደሚሆንም እናውቃለን። ለቀበሮውና ለሕፃኑ የሚያስፈልገው መርፌ አንድ ነው፤ አንዱን ከአንዱ ማስመረጥ አያስፈልግም።

በክፉ ቀን አባቶቻችን ምን እንደመጣባቸው እንኳ አላወቁም ነበር። ክትባትም አልነበራቸውም። እኛ ግን በሽታውን እናውቀዋለን፣ ከየት እንደሚመጣም እናውቃለን፣ መድኃኒቱም በእጃችን ነው። ስለዚህ ውሻ ያላችሁ አስከትቡ። በየወረዳው በእንስሳት ጤና የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የውሻ ክትባት ዘመቻ በጀት ሲቀነስ ዝም አትበሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ስለ ቀይ ቀበሮ "ነበር" ብሎ እንዳይጀምር።

ቸር እንሰንብት።