ከመስኮት የወጣው ዓይን

የጥንት ሕንፃ የሚለኩ ባለሙያዎች ዛሬ ረጅም የብረት ክንድ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ወይም ከጣሪያ ጠርዝ ወደ ውጭ ያወጡና ጫፉ ላይ የሌዘር ስካነር ያስራሉ። አንዳንዴም መሣሪያውን ቁልቁል ይዘቀዝቁታል። ሌዘር የሚለካው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነውና፣ መሬት ላይ የቆመ ስካነር ከክፈፉ በላይ ያለውን ጣሪያ አያይም፤ ከራሱ እግር ሥርም ሳይለካ የሚቀር ክብ ቦታ አለ። ክንዱ በነፋስ ከተወዛወዘ ደግሞ ነጥቦቹ ይዛነፋሉ። ስለዚህ ከውስጥ ጥርቅም አድርጎ ማሰርና ነፋሱ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። (የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በሌዘር በለኩት በላሊበላ ነገሩ ይገለበጣል። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ታች የተፈለፈለ በመሆኑ ጣሪያው ከአፋፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሚያስቸግረው ግርጌው ነው።)

ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ አልብሬክት ማይደንባወር የተባለው ጀርመናዊ ነው። በ1858 እ.ኤ.አ. ገና ወጣት ሳለ የቬትስላርን ካቴድራል እንዲለካ ታዘዘ። የመወጣጫ ወጪ ለመቆጠብ ሲል በገመድ በሚሳብ ቅርጫት ሆኖ ይለካ ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከቅርጫቱ ወደ መስኮቱ ሊገባ ሲል ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በግራ እግሩ ቅርጫቱን ገፍቶ ራሱን ወደ ውስጥ ወረወረና ለጥቂት ተረፈ። ታዲያ ሰው እንዲህ ከሚንጠለጠል፣ ሕንፃው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ልኬቱ ከፎቶግራፉ ላይ ቢወሰድስ? «ፎቶግራሜትሪ» የሚለው ስም በ1867 ታተመ። በ1885 ደግሞ የፕሩሲያ መንግሥት የፎቶ ልኬት ተቋም በእርሱ መሪነት በርሊን ላይ ተከፈተ። እኔ እንደማየው የሌዘሩ ስካነር የዚያች የማምሻ ድንጋጤ የልጅ ልጅ ነው።

የልኬት ዋጋ የሚታወቀው የተለካው ሲጠፋ ነው። አንድሩ ታለን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር የፓሪሱን ኖትርዳም ከሃምሳ በላይ ቦታ ሆኖ በሌዘር ለክቶ ከቢሊዮን በላይ ነጥብ ሰበሰበ። በ2018 አረፈ። ጣሪያው የተቃጠለው በሚያዝያ 2019 ነው።

ወደ እኛም ልምጣ። በ1898 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1906 እ.ኤ.አ.፣ በኤኖ ሊትማን የተመራ የጀርመን ቡድን አክሱም ደረሰ። ከአባላቱ አንዱ የነበረው የሕንፃ ባለሙያ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ኋላ የማይደንባወርን ተቋም የመራ ሰው ነው። የቡድኑ ሥራ በ1913 በርሊን ታተመ፤ ለዚያውም በጀርመንኛ። «ፈረንጅ ቅርሳችንን ለራሱ መዝግቦ ሄደ» ብሎ ቅር የሚሰኝ ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁንና የታዕካ ማርያም ነገር ሲነሣ አፌን እይዛለሁ። ያ ቤተ መንግሥት 120 ሜትር በ80 ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው። በጣልያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲቀየስ ፍራሹ ተደመሰሰ። ክፍሎቹ፣ አደባባዮቹና ደረጃዎቹ እንዴት ተቀምጠው እንደነበር ዛሬ በዋነኛነት የምናውቀው ያ ቡድን ካነሣው ፕላን ነው።