ቮልስን ያኖራት እጅ

የአባቴ ቮልስ ሞተር ከሆዷ ሲወጣ ያየሁት ልጅ ሳለሁ ነው። የሰፈራችን መካኒክ ግቢያችን የመጣው አንድ ክሪክ፣ ጥቂት ቁልፎችና አሮጌ ጆንያ ይዞ ነበር። ባትሪውን ለየ፤ የኋላ ኮፈኗን ከፈተ፤ የነዳጅ ጎማውን ነቅሎ እንዳይፈስ በእርሳስ ወተፈው፤ የዲናሞውን ሽቦና የነዳጅ መስጫውን ገመድ አላቀቀ። ከዚያ ሥሯ ገብቶ ተንጋለለና ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቶ ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ታች ዝቅ አደረገው። እናቴ ያቀራረበችው ቡና በረካ ሳይደርስ ሞተሩ ጆንያው ላይ ቁጭ ብሏል።

ያቺ መኪና ዛሬም ትሄዳለች። የውጭ አገር አሮጌ መኪና ሰብሳቢ ቢያገኛት ግን ሁለተኛ ዞሮ አያያትም። ሰብሳቢ የሚሻው ብርቅ ነገር ነው፤ ቮልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ተሠርታለች። ጥሩ ዋጋ የሚያወጡት እ.ኤ.አ. ከ1953 በፊት የተሠሩት፣ የኋላ መስኮታቸው ለሁለት የተከፈለው፣ እንዲሁም ጣሪያቸው የሚገለጠው ናቸው። እኛ አገር ያሉት አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ተራ ቮልሶች ናቸው። ታዲያ ከእርሷ ጋር የገቡት ብዙ የተሻሉ መኪኖች የት እንደደረሱ ሳይታወቅ እርሷ እንዴት ቆየች?

መልሱ ከአሠራሯ ይጀምራል። ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለሂትለር መንግሥት የነደፋት መኪና 990 ማርክ ብቻ እንድታወጣ ነበር የታሰበው። ከ300 ሺህ በላይ ጀርመናውያን በየሳምንቱ 5 ማርክ እየቆጠቡ ቴምብር ቢለጥፉም ጦርነቱ መጣና አንዳቸውም መኪናዋን አልተረከቡም። የዚያን ሥርዓት ክፋት ማንም አይረሳውም። መሐንዲሶቹ ያሰቡለት ሰው ግን ደሞዝተኛው፣ ጋራዥ የሌለውና መኪናውን በረዶ ላይ የሚያሳድረው ነበር። ውሃ ከሌላት በረዶ የሚሆንም የሚፈላም ነገር የላትም፤ ስለዚህ ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ሆነ። ይህ ሐሳብ ኋላ አዲስ አበባን ጠቀመ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ የእንጦጦን ዳገት ሲወጡ ራዲያተራቸው የሚፈላ መኪኖች መንገድ ዳር ቆመው ውሃ ሲለምኑ እርሷ እያጓራች ታልፋቸዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1945 የጀርመኑ ፋብሪካ ፍርስራሽ ነበር። እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ኢቫን ሂርስት ነው ያስነሳው፤ የእንግሊዝ ጦር 20,000 መኪና ስላዘዘ ሥራ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1948 ኃላፊነቱን የተረከበው ኖርድሆፍ ደግሞ መልኳን ሳይነካ ውስጧን በየዓመቱ ማሻሻልን መረጠ፤ መኪናዋ በምትሸጥበት አገር ሁሉ መለዋወጫና የሠለጠነ መካኒክ ቀድሞ እንዲኖር አጥብቆ ያዘ። በእኔ እምነት የቮልስ ዕድሜ የተወሰነው ያኔ ነው። ብዙ ክፍሎቿ ከዓመት ዓመት ስላልተለወጡ የአንዷን ዕቃ ለሌላዋ መግጠም ይቻላል። ፓራፋንጎዋ ከአካሏ ጋር አልተበየደም፤ በብሎን ነው የታሰረው። ተጋጭቶ የተጨማደደ ፓራፋንጎ ተፈትቶ በሌላ ይተካል፤ ካልተገኘም ላሜራ ቀጥቃጩ መሬት ላይ አጋድሞ ያቃናዋል።

ወደ እኛ አገር ስትመጣ መምህሩ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ ጀማሪው ሐኪም ገዟት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ቦታ ላይ ታየች። የደርግ መኮንኖች አፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አውጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዷቸው በቮልስ ነው። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ስላላት ከኋላ ለመቀመጥ የፊት ወንበር መታጠፍ አለበት። ቅንጡ መኪኖች ተሰልፈው ሲጠብቋቸው የኖሩት ንጉሠ ነገሥት ያን ዕለት እንደ ማንኛውም ሰው ጎንበስ ብለው ገቡ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በታጠፈው ወንበር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የደርግ ዘመን ላዳን አመጣ። ላዳ በአጥንቷ ጣሊያናዊት ናት፤ ሶቪየቶች የፊያት 124ን ንድፍ ገዝተው በቶልያቲ ከተማ ነው የሠሯት። በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ሆና አዲስ አበባን ስላጥለቀለቀች «ላዳ» የኮንትራት ታክሲ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ሐረር ደግሞ ፔጆ 404ን አልለቅም አለች። ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን ያሸነፈች መኪና ናት፤ የኬንያን ጭቃና አቧራ የቻለች መኪና የጀጎልን ዙሪያ ብትችል አያስደንቅም።

የቮልስ ሐኪሞች ያደጉት በሌላ ቋንቋ ነው። መኪናዋ ጀርመን፣ ቃላቱ ጣሊያን ናቸው፤ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ። ይህ የቃላት ውርስ ከአባት ወደ ልጅ ሳይሆን ከመካኒክ ወደ ረዳቱ ነው የሚተላለፈው። ረዳቱ መጀመሪያ ቁልፍ ያቀብላል፣ ቀጥሎ ካንዴላ ያጸዳል፣ ከዓመታት በኋላ ቫልቭ እንዲያስተካክል ይፈቀድለታል። ቺንጋዋ ብትበጠስ ዲናሞውም ማቀዝቀዣው ፋንም አብረው እንደሚቆሙ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ አንድ ሜትር እንኳ ሳይጨምሩ ማቆም እንደሚገባ የሚማረው እዚያ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ቮልስን ያቆያት ጥገናዋ ነው፤ ፍቅሩ ኋላ ነው የመጣው። በአውሮፓ ብዙ ቮልሶች የሞቱት ሊጠገኑ ስላልቻሉ አይደለም። ለበረዶ የሚበተነው ጨው ወለላቸውን በላው፤ የዓመት ምርመራው ደረሰ፤ ብየዳው ከመኪናዋ ዋጋ በለጠ፤ ባለቤቷም ተሰናበታት። እኛ ጋ ይህ ሒሳብ ተገልብጧል። ጨው የለም፤ የእጅ ዋጋ ርካሽ ነው፤ ምትክ መኪና ግን ውድ ነው። የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይስ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደራረቡ ከመኪናው መግዣ የሚበልጡበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ዕድሜያቸው የገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ይበልጥ ከበደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ባለ ቮልሱ በየዓመቱ ቦሎ ሲያሳድስ የሚያነጻጽረው የጥገናዋን ወጪ ከእርሷ ዋጋ ጋር ሳይሆን መኪና ከማጣት ጋር ነው። ኩባም እንዲሁ ነበረች፤ እዚያ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ በነፃ የሚሸጥና የሚገዛው ከአብዮቱ በፊት የገባ መኪና ስለነበር የአሜሪካ ፎርድና ሼቭሮሌ በሩሲያ ሞተር ጭምር ኖሩ።

ዋጋዋ ማነሱም ራሱ ጠቅሟታል። ውድ መኪና ሸራ ለብሶ ጋራዥ ውስጥ ይቆለፍበታል። ቆሞ የኖረ መኪና ጎሚኒው ይደርቃል፣ ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ ሙጫ ይሆናል፣ ፍሬኑ ይነክሳል። ቮልስ ግን ጠዋት ልጆች ታደርሳለች፣ ቅዳሜ ከመርካቶ ዘይትና ሽንኩርት ትጭናለች፣ ክረምት ላይ ቀጤማ ቀጤማ እየሸተተች ትመለሳለች። በየቀኑ ስለምትሄድ ሕመሟ በየቀኑ ይታወቃል። ሶማሌ ተራ ያለው የመለዋወጫ ነጋዴም ዕቃዋን መደርደሪያው ላይ የሚያኖረው ነገ የሚጠይቀው ሰው እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። ፈላጊው በአንድ ጊዜ ቢጠፋ ዕቃው ለቁራጭ ብረት ይሸጣል፤ ያኔ የቀረችውም ትቆማለች። የሚያሰጋኝ ይህ ነው፤ ከዚህም በላይ የሚያሰጋኝ የመካኒኮቹ ዕድሜ ነው። ብረቱን መቅረጽ ይቻላል፤ በጆሮ የሚሰማውን ግን ማን ይጽፈዋል?

ባለፈው ዓመት የአባቴን ቮልስ ያንኑ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። አሁን ሽበታም ሆኗል፤ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱም «ልጄ» ይለኛል። ሞተሩ በርዶ ሳለ የቫልቭ ክዳኑን አውልቆ በቀጭን መለኪያ ቢላ ክፍተቱን አንድ በአንድ ለካ። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ሲደርስ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ከሌሎቹ በጥቂቱ አላላው። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የዘይት ማቀዝቀዣው ከእሱ በላይ ቆሞ አየሩን ስለሚወስድበት ሦስተኛው ምንጊዜም ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚግል፣ ከጠበቀ ቫልቩ እንደሚቃጠል ነገረኝ። ኋላ ስመረምር ፋብሪካው ራሱ ችግሩን አውቆ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከአየሩ መንገድ ማስወጣቱን ተረዳሁ። የእኛ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት።

ክዳኑን ገጠመ፣ እጁን በቤንዚን ጨርቅ ጠረገና አስነሳት አለኝ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ፓራውልቱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ሳይናገር ቆየ። ከዚያ በእጁ ምልክት ሰጠኝና ረዳቱን ጠራው፤ ልጁ እንዲያዳምጥ ከጎኑ አስጠጋው።