ከሽፋን እስከ ሽፋን

ከየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በስተምዕራብ የሚዘረጋው የእንጦጦ ተራራ፣ ዛሬ በባሕር ዛፉና በብርዱ ቢታወቅም፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑበት መናገሻ ነበረና፣ በላዩ የተተከሉት አድባራት ከንዋያተ ቅድሳቱ ጋር የብራና መጻሕፍትን በዕቃ ቤታቸው ሲጠብቁ ኖረዋል። መጽሐፉን ከእሳት፣ ከአይጥና ከዘራፊ የሚያድነው፣ ከቄሰ ገበዙ ትጋት በቀር፣ አቻው ተገልብጦ በሌላ ደብር መገኘቱ ነበር፤ በግራኝ ዘመን ስንት ገዳም ከነመጻሕፍቱ ሲቃጠል ድርሰቶቹ ፈጽመው ያልጠፉትም በዚሁ ልማድ ነው።

ነገር ግን ቁም ጸሐፊ፣ ብራናውን አስምሮ መቃ ብዕሩን ቀርጾ ሲቀመጥ፣ የሚገለብጠው ድርሰቱን ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ ባዶ ቅጠሎች ላይ በሌላ እጅ የሰፈረውን የጉልት ስጦታ፣ የርስት ክርክር፣ የሰጪውን ስምና ግዝቱን፣ ተፍቆ በላዩ ሌላ የተጻፈበትንም የቀድሞ ባለቤት ስም አይገለብጥም፤ ሥራውም አይደለም። ለታሪክ መርማሪ ግን ብዙ ጊዜ ከድርሰቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተጻፈው፣ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል፣ የገዳሙን ንብረትና የመጻሕፍቱን ዝርዝር በገዛ ቅጠሎቹ ይዞ ባይቆይ ኖሮ፣ ስለዚያ ዘመን ገዳማት የምናውቀው ምን ያህል ባነሰ ነበር!

የዘመናችን የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ይህን ልዩነት ያውቁታል። ፋይል መርጦ መቅዳት የቁም ጸሐፊው ሥራ ነው፤ የሃርድ ዲስክን ሙሉ ‹ኢሜጅ› መውሰድ ግን ባዶውንም የተደመሰሰውንም ሳይለዩ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው እንዳለ ማንሣት ነው። ይህ ምስል ‹ማውንት› ሲደረግ ራሱን እንደ ቻለ ዲስክ ሆኖ ይከፈታል፤ ጠንቃቃ ሰውም ‹ሪድ ኦንሊ› አድርጎ ይከፍተዋል፣ እንዲነበብ እንጂ እንዳይጻፍበት።

በአገራችን መጻሕፍት ላይ ይህን የመሰለው ሥራ የተጀመረው ኮምፒዩተር በየቤቱ ሳይገባ ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል ያሉት የቅዱስ ቤኔዲክቶስ መነኮሳት፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያወደመውን አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የአውሮፓ ገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀምረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችንና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ በአዲስ አበባ ተከፈተ። መጽሐፉ ከካሜራው ሥር ተዘርግቶ ቅጠል በቅጠል ይገለጣል፤ ሻማ የነጠበበት፣ አይጥ የበላው፣ ሕፃን ፊደል የተለማመደበት ኅዳግ ሁሉ አብሮ ይነሣል። ፊልሙ የማይፋቅ ነውና፣ ዕቃ ቤት ገብቶ የርስቱን ጽሑፍ በምላጭ ሊያጠፋ የሚሻ ሰው ኮሌጅቪል ያለውን ሊነካው አይችልም። ይህ በእኔ አስተያየት ከእሳት መጠበቁን የሚያህል ጥቅም ነው።

ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት እንዲህ ተነሡ። የተጠቀለለ ፊልም ግን በማንበቢያው መሣሪያ ላይ ተጭኖ ካልተመረመረና በካታሎግ ካልተመዘገበ ማንም ምን እንዳለበት አያውቅም፤ ለዚህ የካታሎግ ሥራ የታጨው ከዊሊያም ማኮምበር ቀጥሎ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትቶ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ ወደ ኮሌጅቪል ሄዶ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ ወገኖቹ ሊያዩት ያልቻሉትን የአገሩን መጻሕፍት ከመስታወቱ ላይ ሲያነብ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የካታሎጉ ዐሥረኛ ቅጽ እስከ 5,000ኛው ቍጥር የደረሰ ሲሆን፣ ድርሰቱን ብቻ ሳይሆን የባዶ ቅጠሎቹንም ጽሑፍ እየለየ ይመዘግባል።

ፊልሞቹ ዛሬ ወደ ዲጂታል ምስል ተዛውረው በበይነ መረብ ስለሚገኙ፣ የካ አባዶ ያለ ተማሪ የመጽሐፉን ቍጥር ካወቀ ከቤቱ ሳይወጣ ይከፍታቸዋል፤ የሐይቁ ወንጌል ቍጥሩ 1832 ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ግን የትኛው ስም በቀይ ቀለም እንደ ተጻፈ ለመለየት ያስቸግራል፤ ያን ለማወቅ እስከ ገዳሙ ተጉዞ ቄሰ ገበዙን ማስፈቀድ ግድ ነው።