ተማሪው ከኮምፒውተር ጋር እንዴት ተዋወቀ

በቡናዋ በታወቀችው በዲላ ከተማ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበረ። ስለ እንዲህ ያለ ተቋም ሲነገር የኮምፒውተሩ ብዛት ይነሣል፤ ተማሪው ግን ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ምን አይቶ እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ለመምህሩ የሚተርፈው በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረ። ተማሪው «ቆየኝ፣ አልገባኝም» ቢል የሚሰማው የለም። እንግዲህ ያ ትውልድ መሣሪያውን ያወቀው በዐይኑ እንጂ በእጁ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስልክ በየኪሱ ገባ፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ከየዩኒቨርሲቲው ወደየቤታቸው ሲሸኙ ነገሩ ተገለጠ። የከተማው ልጅ ጽሑፉን በስልኩ ሊያወርድ ይችላል፤ በጌዴኦ ኮረብታ፣ በእንሰትና በቡና መካከል መብራት በሌለበት ቤት ላለው ግን ስልኩን ለመሙላት እንኳ መንገድ መሄድ ያሻዋል። ሁለቱ በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን የተቀመጡ ነበሩ።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ሀገር አቀፉ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ተሰጠ። ጥያቄው የከበደውም፣ መልሱን እያወቀ የመሣሪያው አያያዝ ያስቸገረውም፣ ውጤታቸው የተጻፈው በአንድ ዐይነት ቍጥር ነው።